ሌ ኮንግ ቪን፦ የቬትናም ብሔራዊ ቡድን ከፍተኛ ግብ አግቢ

ሌ ኮንግ ቪን በ83 ጨዋታዎች 51 ግቦችን በማስቆጠር የቬትናም ብሔራዊ ቡድን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኖ ጫማውን የሰቀለ አጥቂ ሲሆን፣ የተጫዋችነት ዘመኑም የአገሩ እግር ኳስ ከመንግሥት በጀት ወጥቶ በባለሀብቶች ኪስ መተዳደር ከጀመረበት ዘመን ጋር የገጠመ ነው። የቬትናም ከፍተኛ ሊግ የፕሮፌሽናል ስያሜ የያዘው በ2000/01 (እ.ኤ.አ.) የውድድር ዘመን ሲሆን፣ ኮንግ ቪን በሶንግ ላም ንጌ አን ክለብ ዋና ቡድን መሰለፍ የጀመረው ከዚያ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው።

ተጫዋቹ በ1985 የተወለደው በሰሜን መካከለኛው ቬትናም በምትገኘው የንጌ አን ክፍለ ሀገር ነው። ክፍለ ሀገሯ ሆ ቺ ሚንን ያፈራች፣ በድህነቷም ሆነ ለእግር ኳስ ባላት ፍቅር የምትታወቅ ስትሆን፣ ክለቧም ታዳጊዎችን አሳድጎ ለመላ አገሪቱ በማበርከት ስም አለው። ኮንግ ቪን ገና በ2004 የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሸለመውን የወርቅ ኳስ ያገኘ ሲሆን፣ ሽልማቱን በ2006 እና በ2007 ደግሞታል። በ2005 በፊሊፒንስ በተካሄደው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች በርካታ የቡድን አጋሮቹ ከምያንማር ጋር በተደረገው ግጥሚያ የግቡን ልዩነት ለማጥበብ ገንዘብ ተቀብለው በፍርድ ቤት ሲቀጡ፣ እርሱ ከነገሩ ነጻ ስለነበረ የአጥቂው መስመር ኃላፊነት በወጣትነቱ ትከሻው ላይ ወደቀ።

በሊጉ ግን የአገር ልጅ አጥቂ ቦታ ጠባብ ነበር፤ ክለቦቹ ግብ የማስቆጠሩን ሥራ በአብዛኛው ለብራዚላውያንና ለአፍሪካውያን ስለሚሰጡ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢነት ለረጅም ጊዜ ከውጭ ተጫዋቾች እጅ አልወጣም፣ ኮንግ ቪንም አንድ ጊዜ እንኳ አላገኘውም። የብሔራዊ ቡድኑ ባለ ክብረ ወሰን በገዛ አገሩ ሊግ ቀዳሚ አለመሆኑ እንግዳ ቢመስልም፣ ስሙን ያገነነው የክለብ ሳይሆን የብሔራዊ ቡድን መለያ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም።

በ2007 ቬትናም ከሌሎች ሦስት አገሮች ጋር ባዘጋጀችው የእስያ ዋንጫ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስን 2 ለ 0 ስትረታ ሁለተኛውን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነበር፤ ቡድኑም ሩብ ፍጻሜ ደርሶ በኋላ ዋንጫውን በወሰደችው በኢራቅ ተሸነፈ። ከሁሉ የላቀው ግን በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዋንጫ የ2008 ፍጻሜ ነው። በፖርቱጋላዊው አሰልጣኝ ኤንሪኬ ካሊስቶ የሚመራው ቡድን በባንኮክ በተደረገው የመጀመሪያ ጨዋታ ታይላንድን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ከግቦቹ አንዷ የኮንግ ቪን ነበረች። ታኅሣሥ ወር ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው ሃኖይ በሚገኘው ሚ ዲን ስታዲየም በተካሄደው የመልስ ጨዋታ ደግሞ ታይላንድ ቀድማ አስቆጥራ የድምር ውጤቱ 2 ለ 2 በሆነበት፣ ጨዋታውም ወደ ተጨማሪ 30 ደቂቃ ሊያመራ በተቃረበበት፣ በባከነ ሰዓት ማካካሻው አራተኛ ደቂቃ ላይ ከቅጣት ምት የተሻገረውን ኳስ ኮንግ ቪን በግንባሩ ገጭቶ ከመረብ አሳረፈውና ቬትናም ዋንጫውን ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳች። አንዲት ግብ የአንድን ተጫዋች ዕጣ ትወስናለች ማለት ብዙ ጊዜ ማጋነን ቢሆንም፣ ለኮንግ ቪን ግን አባባሉ እውነት ነው።

በዚያው ዘመን ገበያውም ተከፈተለት። ቬትናሞች «ባው» ብለው የሚጠሯቸው የክለብ ባለቤት ባለሀብቶች ተጫዋችን የሚስቡት በወር ደመወዝ ሳይሆን ውል ሲፈረም በአንድ ጊዜ በሚከፈል የፊርማ ገንዘብ ሲሆን፣ እርሱም በዚሁ መንገድ ሃኖይ ቲ ኤንድ ቲን ተቀላቅሎ በ2010 የሊጉን ዋንጫ አነሳ። መንገዱ አደጋም ነበረው፤ በ2012 የተጫወተበት ሌላው የሃኖይ ክለብ ባለቤቱ የነበሩት የባንክ ባለሀብት በመታሰራቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ሲፈርስ፣ ተጫዋቹ ወዳደገበት ክለብ ለመመለስ ተገደደ።

የውጭ አገር ቆይታዎቹ አጫጭር ነበሩ። በ2009 በውሰት ውል ወደ ፖርቱጋሉ ሌይሾይንስ ሄዶ በአገሪቱ ዋንጫ ላይ ካዛ ፒያ ላይ ግብ ቢያስቆጥርም በሊጉ የተሰለፈው ጥቂት ጊዜ ነው፤ በ2013 ደግሞ በጃፓን ሁለተኛ ዲቪዚዮን ለኮንሳዶሌ ሳፖሮ በመጫወት በጃፓን ሊግ የመጀመሪያው ቬትናማዊ ሆነ። በ2015 ከቤካሜክስ ቢን ዱዎንግ ጋር ሁለተኛውን የሊግ ዋንጫ ወሰደ።

በታኅሣሥ 2016 ቬትናም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ በኢንዶኔዥያ ስትሰናበት፣ መጫወት ማቆሙን አስታወቀ። ወዲያውም የሆ ቺ ሚን ከተማ ክለብ ተጠባባቂ ሊቀመንበር ሆኖ የሠራ ሲሆን፣ በ2018 ደግሞ የሕይወት ታሪኩን «ደቂቃ 89» በሚል ርዕስ ለኅትመት አበቃ።