ፎርማት ከመደረጉ በፊት

ከደጀን ተነስቶ በብቸናና በሞጣ በኩል ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች ኮምፒውተር የሚበላሽበት ምክንያት ብዙም አይለያይም። መብራት ድንገት ይጠፋና ሲመለስ ዊንዶውሱ አልነሳም ይላል። ወይም ከጽሕፈት ቤት ወደ ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ ሲዞር የዋለ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። ጥገና ቤት ሲደረስ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ፎርማቱ ማሽኑን ያስነሳዋል፤ የተማሪዎቹ ሮስተር፣ የእድሩ ሒሳብ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው የመመረቂያ ጽሑፍ ግን አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ውሳኔ በፊት ሊሞከር የሚገባው ከፍላሽ የሚነሳ ሊኑክስ ነው።

ዊንዶውስ አልነሳም አለ ማለት ፋይሎቹ ጠፉ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ በሩ ተበላሸ እንጂ ቤቱ አልተቃጠለም። ፍላሽ ላይ ያለው ሊኑክስ በራም ላይ ስለሚሠራ፣ ካልታዘዘ በቀር ሃርድ ዲስኩን አይነካም። ማሽኑ ሲበራ በብዙዎቹ ዴሎች ኤፍ 12፣ በብዙዎቹ ኤችፒዎች ኤፍ 9 ይነካና ፍላሹ ይመረጣል። ዲስኩ ደህና ከሆነ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የባለቤቱ ፎልደሮች እንደነበሩ ይታያሉ፤ ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳሉ። ከዚያ ወዲያ ፎርማት ቢደረግም አያስቆጭም።

መንገዱን ለብዙ ሰው የከፈተው ጀርመናዊው ክላውስ ክኖፐር ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ክኖፒክስ 700 ሜጋባይት በምትይዝ ሲዲ ላይ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፕሮግራም አጭቆ ይነሳ ነበር። በ2003 ለጥገና ብቻ ታስቦ የተሠራው ሲስተም ሬስኪዩ ተከተለ። በ2004 የመጣው ኡቡንቱ ደግሞ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ዛሬ ሲዲ ማንበቢያ ያለው ላፕቶፕ ማግኘት ከባድ ስለሆነ ሥራው ወደ ፍላሽ ዞሯል፤ በ2020 በወጣው ቬንቶይ አማካይነት አንድ ፍላሽ እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን ይይዛል። ፈቃዱ መገልበጥ ስለሚፈቅድ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር የሚከለክል የለም። በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ እንዳየነው፣ ኢንተርኔት ሳይጠይቅ የሚሠራ መሣሪያ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ችግር የሾርትከት ቫይረስ ነው። ሰውየው ፍላሹን ሲከፍት ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ያገኛቸዋል፤ ሲጫኑት አይከፈትም፣ «ፍላሼ ተበላ» ይላል። ቦታው ግን እንደተያዘ ነው። ቫይረሱ ያደረገው እውነተኞቹን ፎልደሮች በዊንዶውስ ዓይን እንዳይታዩ መደበቅና በየስማቸው ሾርትከት ማስቀመጥ ብቻ ነው። ሊኑክስ ያንን መደበቂያ ምልክት ከቁብ ስለማይቆጥረው ፋይሎቹን ፊት ለፊት ያሳያል፤ ቫይረሱም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እዚያ አይነሳም። ፋይሉን ቀድቶ፣ ፍላሹን አጽድቶ መመለስ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ለዚህ ፍላሽ የሚጥል ሰው ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ዲስኩ ራሱ መሞት ሲጀምር ነገሩ ይከብዳል። ቋ ቋ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ ወዲያው ይጥፋ፤ እንዲህ ያለውን በመደጋገም ማስነሳት የቀረውንም ማስጨረስ ነው። ንባቡ እየተቆራረጠም ቢሆን ለሚሠራ ዲስክ ግን ዲዲሬስኪዩ የሚባለው ፕሮግራም አለ፤ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ይቀዳል፣ ወደ አስቸጋሪው ቆይቶ ይመለሳል። የደረሰበትን በፋይል እንዲመዘግብ ከታዘዘ፣ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህችን ጠባዩን በጣም እወዳታለሁ። ክሪስቶፍ ግሬኒየ የጻፋቸው ቴስትዲስክና ፎቶሬክም አሉ፦ የመጀመሪያው የጠፋ ፓርቲሽን ይመልሳል፣ ሁለተኛው የተሰረዘ ፎቶና ሰነድ ለቅሞ ያወጣል። ፎቶሬክ የፋይሎቹን ስም አብዛኛውን ጊዜ አይመልስም፤ በቁጥር የተሰየመ ክምር ስለሚሰጥ አንድ በአንድ እየከፈቱ መለየት የባለቤቱ ድካም ነው።

ሁሉን ግን አይፈታም። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ 11 ዲስኩን ራሱ በቢትሎከር ሊቆልፈው ይችላል፤ ባለ 48 አኃዙ ቁልፍ ከሌለ ሊኑክስም አይከፍተውም። ኤስኤስዲ ላይ የተሰረዘ ፋይልም ብዙ ጊዜ የሚመለስ አይደለም። በሌላ በኩል፣ ያልተቆለፈ ዲስክ ያለ ይለፍ ቃል መከፈቱ ለሌባም በር ነው፤ ጠጋኙ ማሽኑ የማን እንደሆነ ሳያረጋግጥ እጁን ማስገባት የለበትም።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው አንድ ነገር ይቀራል። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር፣ ለምሳሌ በቀድሞው ቪዥዋል ግዕዝ፣ የተጻፈ ሰነድ ሊኑክስ ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይወጣል። አልተበላሸም፤ የጎደለው ፎንቱ ነው። ስለዚህ የሰውየው ሰነዶች ሲቀዱ የዊንዶውሱ የፎንት ፎልደርም አብሮ ይቀዳ።