ክሬአቲኒን «ልክ ነው» ሲባል፦ የኩላሊት ሕመምን በጤና ጣቢያ ደረጃ ስለመለየት

የክሬአቲኒን ውጤት 1.1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲሆን፣ ቁጥሩ ከተለመደው ወሰን ስላላለፈ ታካሚው «ኩላሊትዎ ደህና ነው» ተብሎ ሊሸኝ ይችላል። ክሬአቲኒን ግን በአመዛኙ ከጡንቻ የሚመነጭ በመሆኑ፣ አንድ ቁጥር ለሁሉም ሰው አንድ ትርጉም የለውም። ዘርን ከስሌቱ ባስወጣው የ2021 የሲኬዲ-ኢፒአይ ቀመር መሠረት፣ ይኸው 1.1 ለ25 ዓመት ወንድ የኩላሊቱ የማጣራት መጠን በደቂቃ 95 ሚሊሊትር ገደማ መሆኑን ሲያመለክት፣ ለ70 ዓመት ሴት ግን 54 ገደማ ነው (ሁለቱም ለ1.73 ካሬ ሜትር የሰውነት ስፋት)። ስሌቱ በእጅ ስልክ ይሠራል፤ የሚጠይቀውም ዕድሜና ጾታን ብቻ ነው።

ከ60 በታች የሆነ መጠን ቢያንስ ሦስት ወር ሲዘልቅ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል። አጣዳፊ ምልክት ከሌለ፣ ምርመራው ከሦስት ወር በኋላ ይደገማል። እስከዚያው ግን ለጉልበት ሕመም በልማድ የሚታዘዘው ዳይክሎፌናክ እንደገና ሊጤን ይገባል፤ በእኔ እይታ ከስሌቱ የሚገኘው ፈጣኑ ጥቅም ይህ ነው።

የሽንት ዲፕስቲክ ርካሽና ጠቃሚ ቢሆንም፣ አነስተኛ የአልቡሚን መጠንን ሊስት ይችላል። ስለዚህ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ውጤቱ «ኔጌቲቭ» ቢሆንም፣ የሽንት አልቡሚን ከክሬአቲኒን ጋር ያለው ንጽጽር በሚሠራበት ሆስፒታል ሊመረመር ይገባዋል።