የትኋኗ ደም የማን ነው?

ሌሊት ትኋን ነከሰችን። ኩራዝ አበራን። ከመደቡ ስንጥቅ ልትገባ ስትል ደረስንባትና ጨፈለቅናት። ቀይ ደም ወጣ። በማግስቱ ማሳ ላይ ፌንጣ ረገጥን። ከፌንጣው ግን ቀይ ደም አልወጣም። የወጣው ወደ ቢጫና ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ውሃ ነው። ለምን ይሆን?

ከትኋኗ የወጣው ደም የእርሷ አይደለም። የእኛ ነው! የራሷ ደም እንደ ፌንጣው ቀይ አይደለም። ቁንጫና መዥገርም እንዲሁ ናቸው። መዥገር ስትፈነዳ የምናየው ደም የላሟ ነው።

እስቲ ደም ምን እንደሚሠራ እንመልከት። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ኦክስጅን የሚባል ነገር አለ። ያለ እርሱ መኖር አንችልም። ኦክስጅንን ከሳንባ ተቀብሎ እስከ እግር ጣት የሚያደርሰው ደም ነው። ደማችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ቀያይ ቅንጣቶች አሉ። በአንዲት ጠብታ ውስጥ በሚሊዮን ይቆጠራሉ። እነዚህ ቅንጣቶች እንደ ጭነት አህያ ናቸው። ኦክስጅኑን ያራግፋሉ። ደሙም የተቃጠለውን አየር ይዞ ወደ ሳንባ ይመለሳል። ነጂው ልብ ነው። በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል። አንድ ትልቅ ሰው 5 ሊትር ያህል ደም አለው።

ደማችን የቀላው ብረት ስላለበት ነው። አዎ፣ ማረሻ የሚሠራበት ብረት! በሰውነታችን ያለው ብረት ሁሉ ቢሰበሰብ ግን 4 ግራም ያህል ነው። አንድ ሚስማር ቢወጣው ነው። ኦክስጅንን የሚይዘው ይኸው ብረት ነው። የበሬ፣ የዶሮና የእንቁራሪት ደምም ቀይ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የምድር ትል እንኳ ቀይ ደም አላት።

የባሕር ሸርጣን ደም ግን በብረት ፈንታ መዳብ አለው። ስለዚህ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፌንጣስ? የፌንጣ ደም ምግብ ያዞራል እንጂ ኦክስጅን አይሸከምም። አየሩ በጎኑ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ይገባል። ከዚያም በቀጫጭን ቱቦዎች በቀጥታ ሥጋው ውስጥ ይደርሳል። አህያ አላስፈለገውም ማለት ነው።

የግመል ነገር ደግሞ ይገርማል። ውሃ የጠማት ግመል ባንድ ጊዜ 100 ሊትር ያህል ልትጠጣ ትችላለች። የብዙ ሌሎች እንስሳት የደም ቅንጣቶች ብዙ ውሃ ሲገባባቸው አብጠው ሊፈነዱ ይችላሉ። የግመል ቅንጣቶች ያብጣሉ እንጂ በቀላሉ አይፈነዱም።

ታዲያ ቀይ ደም ሁሉ አንድ ነው ወይ? ድሮ እንዲህ ያሰቡ ነበሩ። በ1667 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ዣን ባቲስት ዴኒ የሚባል ሐኪም ለአንድ ሰው የጥጃ ደም ሰጠው። ሰውየው ታመመ። ሽንቱ እንደ ጥቀርሻ ጠቆረ። ሰውነቱ የጥጃውን ደም ባዕድ ነው ብሎ እያፈረሰው ነበር። ኋላም ሰውየው ሞተ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

የሰውና የሰው ደምስ? እርሱም ሁልጊዜ አይስማማም። ይህን በ1901 እ.ኤ.አ. የገለጠው ካርል ላንድስታይነር የሚባል የቪየና ሐኪም ነው። የሰው ደም ዓይነት ዓይነት አለው። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ እና ኦ ይባላሉ። የማይስማማ ደም ከተሰጠ ሰው ሊሞት ይችላል። ወንድምና እህት እንኳ የደማቸው ዓይነት ሊለያይ ይችላል።

አንዲት እናት ወልዳ ደሟ አልቆም ቢል በጥቂት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። በግ ቢታረድላት ሥጋው ይጠግናት ይሆናል እንጂ ደሙ ደሟን አይተካም። የሚተካላት የሰው ደም ነው። እርሱም ከእርሷ ደም ጋር መስማማቱ በሐኪም ቤት ተመርምሮ ነው። ጤነኛ ሰው ባንድ ጊዜ የሚሰጠው ደም ግማሽ ሊትር አይሞላም። ከሰጪው የጎደለው ውሃ በአንድ ሁለት ቀን ይመለሳል፤ ቀዩ ቅንጣት ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ይተካል።