ከመጨረሻው ክፍል በኋላ፦ ስለ ጂን፣ ስለ ዱካክና ስለ ወባ

ውድ የጀመዓችን ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ እትም የምናነሳው ጉዳይ መጀመሪያ ላይ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችላል። ጉዳዩ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ ሲያልቅ በዶርሞቻችን የተነሳው ወሬ ነው። እስከ መጨረሻው ካነበባችሁ ግን ለምን እንደጻፍነው ትረዱናላችሁ። ያ ወሬ አንዲት እህታችንን ለከባድ አደጋ አጋልጧት ነበር፤ ከጥፋቱም የእኛ ድርሻ አለበት።

ድራማው «ስትሬንጀር ቲንግስ» ይባላል። ደፈር በሚባሉ ሁለት ወንድማማቾች የተዘጋጀ ሲሆን በኔትፍሊክስ መታየት የጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በፈረንጆቹ 1980ዎቹ፣ ሃውኪንስ በምትባል ምናባዊ የአሜሪካ ከተማ ነው። ከከተማዋ ሥር የተገለበጠ ጨለማ ዓለም አለ፤ ከዚያ የሚወጡ ፍጥረታት ልጆችን ይወስዳሉ፣ አንዳንዱንም ሰውነቱ ውስጥ ገብተው ይቆጣጠሩታል። አምስተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ 8 ክፍሎች ነበሩት። በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 18፣ ታኅሣሥ 17 እና ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. በሦስት ዙር ተለቀቁ። በመጀመሪያው ዙር የተመልካቹ ብዛት የኔትፍሊክስን አገልግሎት ለጥቂት ጊዜ አቋርጦት ነበር።

የመጨረሻው ክፍል በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ወጣ። ርዝመቱ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፤ ፈጅር መሀሉ ላይ ይገባል። አብዛኞቻችን ኔትፍሊክስ የለንም። ለእኛ የሚደርሰን በቴሌግራም፣ ከዚያም በፍላሽ ከዶርም ወደ ዶርም ነው። አጎበር በተንጠለጠለበት አልጋ ላይ አንድ ላፕቶፕ ተቀምጦ ስምንት ራስ ሲደፋበት ያላየ የግቢያችን ተማሪ ያለ አይመስለንም። ይህ ልማድ ዛሬ የመጣም አይደለም። ታላላቆቻችን «ሰው ለሰው»ን በኢቲቪ ሲጠብቁ ኖረዋል፤ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ቃና ወደ አማርኛ የመለሳቸው የቱርክ ድራማዎች በየቤቱ እራት ያስረፍዱ ነበር።

ተመልካቹ ምን አለ?

በየብሎኩ የሰማነው ሦስት ዓይነት ነበር። አንዱ ወገን አለቀሰ፤ ዘጠኝ ዓመት አብረውት ያደጉ ልጆች ተለዩት። ሌላው ወገን ተናደደ፤ ፍጻሜው አልጣመውም። ሦስተኛው ወገን ግን «አላለቀም» አለ። ይህ ሦስተኛው በግቢያችን ብቻ አልተወሰነም፤ በዓለም ዙሪያ ነበር። ያየነው መጨረሻ የማታለያ ነው፣ እውነተኛው ክፍል ተደብቋል፣ በፈረንጆቹ ጥር 7 ይለቀቃል ተባለ። ማስረጃ ተብሎ የቀረበው በምረቃ ትዕይንቱ ላይ ተማሪዎቹ እጃቸውን ያስቀመጡበት መንገድ እና ይህን የመሳሰለ ጥቃቅን ነገር ነው። ቀኑ በእኛ አገር የገና በዓል፣ ታኅሣሥ 29 ላይ ዋለ። ክፍሉ አልመጣም። ቀድሞውንም አልነበረም።

በእነዚህ ሰዎች መሳቅ ቀላል ነው። ነገር ግን ያደረጉት ነገር የእኛም ነው። ሰው ልቡ ያልተቋጨ ነገር ላይ ሲንጠለጠል ምልክት ይፈልጋል። ምልክት የፈለገ ሰው ደግሞ አያጣም፤ እጅ፣ ሰዓት፣ ቁጥር ሁሉ ይናገረዋል። የፊልም ሠሪዎች ይህን ያውቃሉ፤ ክፍሉን ልብ በሚሰቀልበት ቦታ የሚቆርጡት ለዚህ ነው። ችግሩ የሚመጣው ይህ ዓይን ከስክሪኑ ተነስቶ ወደ ዶርም ጓደኛችን ሲዞር ነው። እኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

በሴቶች ዶርም የሆነው

እህታችን የፍሬሽ ተማሪ ናት። ስሟን አንጠቅስም፤ ታሪኩን የምንጽፈውም በፈቃዷ ነው። ድራማውን ከጓደኞቿ ጋር ለተከታታይ ሌሊቶች አየች፤ እንቅልፏ ተዛባ። አንድ ሌሊት ነቃችና መንቀሳቀስ አቃታት። ደረቷን የሚጫናት፣ ከአጎበሩ ውጭ የቆመ ነገር እንዳለ ተሰማት፤ መጮህ ፈለገች፣ ድምፅ አልወጣም። ከሁለት ቀን በኋላ ተደገመ። ለጓደኞቿ ነገረቻቸው። እነሱም «ያ የምታዪው ነገር ነው የገባብሽ» አሏት።

ከዚያ በሳምንቱ አንድ ምሽት መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ሰውነቷ ነደደ። ወደ ሌሊቱ የማይያያዝ ነገር ትናገር ገባች። ዶርሙ በሙሉ ምልክቱን አነበበ፦ ድራማው፣ የደረቱ ጫና፣ አሁን ደግሞ በሌላ አንደበት እንደ መናገር። ለአንዱ «አውቃለሁ» ባይ ደወሉለት። እሱም በሽተኛዋን ሳያያት ጂን መሆኑን ነገራቸው፤ ጠዋት እንዲያመጧት፣ እስከዚያ መድኃኒት የሚባል እንዳይሰጧት አዘዘ፤ የሚከፈለውንም ገንዘብ ጠራ።

ለእኛም ተደወለ። ያልነውን ሳንደብቅ እንጻፍ። «ቁርኣን ቅሩባት፣ ጠዋት እንመጣለን» አልን። ቁርኣን መቅራቱ መልካም ነው። ስህተታችን ሌላ ነበር፤ ትኩሳት አላት ወይ ብለን አልጠየቅንም። ጉዳዩን የቀየረችው አንዲት የጤና ተማሪ እህት ናት። ግንባሯን ዳስሳ «ይቺ ልጅ የምትቃጠለው በትኩሳት ነው፣ ተነሱ» አለች። በዚያው ሌሊት ክሊኒክ ወሰዷት። ከጣቷ በተወሰደ ጠብታ ደም ታወቀ፤ ወባ ነበር። አልሐምዱሊላህ፣ ታክማ ዳነች። ሐኪሙ ግን እስከ ረፋዱ ቆይተው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ይሆን እንደነበር ነግሯቸዋል።

ዱካክ ምንድን ነው?

አማርኛችን ለዚህ የቆየ ቃል አለው፤ «ዱካክ ተጫነኝ» እንላለን። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ደረጃ አንጎል የሰውነታችንን ጡንቻዎች ያስራቸዋል፤ ይህም ሕልማችንን በእጅና በእግራችን እንዳንፈጽመው የተሰጠን ጥበቃ ነው። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ሲነቃ ማሰሪያው አልተፈታም። ዓይን ይከፈታል፣ ሰውነት አይታዘዝም፣ ሕልሙም ገና አላለቀም። ስለዚህ ክፍሉን እናያለን፤ ክፍሉ ውስጥ ግን የሕልሙን ነገር ጨምረን እናያለን። ከጥቂት ሰከንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይለቃል።

በተለያዩ አገሮች የተደረጉ 35 ጥናቶችን የሰበሰበ አንድ ሥራ፣ ከአጠቃላዩ ሕዝብ 8 ከመቶ ያህሉ፣ ከተማሪዎች ግን 28 ከመቶ ያህሉ ቢያንስ አንዴ እንደገጠማቸው አሳይቷል። ለምን ተማሪ እንደሚበዛበት ለመገመት ሩቅ አያስኬድም፦ እንቅልፍ ማጣት፣ የተዛባ የመኝታ ሰዓት፣ የፈተና ጭንቀት። በጀርባ መተኛትም ያባብሰዋል። በግብፅና በዴንማርክ ሰዎች መካከል የተደረገ ንጽጽር ደግሞ ሌላ ነገር አስተምሯል። ብዙዎቹ የጂን ሥራ ነው ብለው በሚያምኑባት ግብፅ ፍርሃቱ ይበረታል፣ የሚቆይበትም ጊዜ ይረዝማል። የፈራ ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዱካክ ይደጋግመዋል። አዙሪቱ እንዲህ ነው።

ታዲያ ጂን የለም እያልን ነው?

አይደለም። ጂን መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል፤ በስማቸው የተጠራ 28 አንቀጽ ያለው ሱራ አለ። ከጭስ አልባ እሳት መፈጠራቸውን ሱረቱ ረሕማን፣ እኛ በማናይበት በኩል እንደሚያዩን ሱረቱል አዕራፍ ይነግረናል። ከነሱ ሙስሊም አለ፣ ከሃዲ አለ። ግን ይኸው ቁርኣን ልካቸውንም ነግሮናል። በሱረቱ ሰበእ፣ ሱለይማን (ዐ.ሰ.) በምርኩዛቸው ተደግፈው ሲሞቱ ጂኖቹ ሳያውቁ ሥራቸውን ቀጥለው ነበር፤ ምርኩዙን ምስጥ በልታው ሲወድቁ ነው የገባቸው። ገይብን ከአሏህ (ሱ.ወ.) በቀር የሚያውቅ የለም። ጂን ያላወቀውን ሩቅ ነገር፣ በስልክ ሆኖ በሽተኛ ሳያይ «አወቅሁ» የሚል ሰው ከየት አመጣው? ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ ጠንቋይ ሄዶ የጠየቀ ሰው የ40 ሌሊት ሶላቱ ተቀባይነት እንደማያገኝ ማስጠንቀቃቸው ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ይገኛል።

የድራማው ፍጥረታት ደግሞ ጂን አይደሉም። ልጆቹ ቬክና እና ዴሞጎርጎን እያሉ የሚጠሯቸው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ከሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ወስደው ነው። በእኛው የሙስሊም ዓለም ውስጥ የተሠሩትም ቢሆኑ ልብ ወለድ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. «ጂን» የተባለው የዮርዳኖስ ድራማ ፔትራ ላይ ተቀርጾ ሲወጣ አገሩ ተንጫጭቶ ነበር፤ ያንጫጫው ግን ጂኑ ሳይሆን የወጣቶቹ መሳሳምና የአነጋገራቸው ብልግና ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግብፁ «ማ ወራአ ጠቢዓ» ደግሞ አሕመድ ኻሊድ ተውፊቅ ከጻፏቸው መጻሕፍት የተወሰደ ነው። ደራሲው ሐኪም ነበሩ፤ ዋናው ገጸ ባሕርይም ሐኪም ነው፤ የማይታየውን ነገር ከማመኑ በፊት ይመረምራል። መጻሕፍቱን እያነበበ ያደገው የአረብ ወጣት ድራማውን በናፍቆት ነው የተቀበለው።

ምክንያት መፈለጉ የሁሉም ሰው ጠባይ ነው። እዚህ በጋሞ ባህል መከራ ሲደጋገም «ጎሜ» ይሆን፣ ማለትም የተጣሰ ደንብ ይኖር ይሆን ተብሎ ይጠየቃል። እኛም በእምነታችን የማይታይ ዓለም አለን። ጥፋት የሚሆነው የማይታየውን ስንፈልግ የሚታየውን ስንዘል ነው። አርባ ምንጭ ላይ የሚታየው ደግሞ ወባ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ወይም መቃዠት ካለ በቀጥታ ወደ ክሊኒክ፤ በሌሊትም ቢሆን። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ሊበረታና ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ መቃዠትና መንዘፍዘፍ ያመጣል። ይህን ያየ ሰው ጂን ነው ቢል አይገርምም። ፈጣኑ የደም ምርመራ ከግማሽ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ይፈልጋል። ከደጋ የመጣችሁ፣ ከጨንጫም ይሁን ከሌላ ቦታ፣ ወባ ለምዷችሁ ስለማያውቅ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ አጎበሩን ለጌጥ አትስቀሉት።

ሁለተኛ፣ ሩቅያና ሕክምና አይጣሉም። በሽተኛዋን እየወሰዳችሁ መቅራት ትችላላችሁ። መድኃኒት የሚከለክል፣ ሳያይ የሚፈርድ፣ ዋጋ የሚተምን ካጋጠማችሁ ግን ራቁት፤ ለእኛም ንገሩን።

ሦስተኛ፣ ዱካክ ለሚጫናችሁ፦ በሰዓቱ ተኙ፣ በጎናችሁ ተኙ፣ ከመኝታ በፊት አየተል ኩርሲይንና ሦስቱን ቁል ቅሩ። ሲይዛችሁ ከመታገል ይልቅ ጣታችሁን ወይም ምላሳችሁን ለማንቀሳቀስ ሞክሩ፤ እንደሚያልፍ እወቁ። መጥፎ ሕልም ያየ በአሏህ እንዲጠበቅ፣ ጎኑን እንዲቀይርና ለሰው እንዳያወራው ተመክሯል። አንድ ሰው ያየው ቅዠት በስድስት አልጋ ሲዞር ምን እንደሚሆን እኛ አይተናል። ሳምንታት ከደጋገማችሁ ግን ሐኪም አማክሩ።

አራተኛ፣ «ማየቱ ሐራም ነው ወይ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁን፦ እኛ ተማሪዎች እንጂ ሙፍቲዎች አይደለንም፤ ይህን ለኡስታዞቻችን አቅርበናል። እስከዚያው ራሳችንን የምንጠይቀው ቀላል ነገር አለ። ያ ሌሊት ፈጅርን ወሰደብን? እንቅልፋችንን ወሰደ? ጓደኛችንን በሌላ ዓይን እንድናይ አደረገን? መልሱ አዎ ከሆነ ብይኑን መጠበቅ አያስፈልገንም።

እህታችን አሁን ፋይናል እየተዘጋጀች ነው። የመጨረሻውን ክፍል ግማሽ ላይ እንዳቆመችው ነግራናለች፤ መጨረሻውን ሊነግራት የሚሞክር ሁሉ እየተቆጣች ዝም ታሰኛለች። ለዚህም ነው በዚህ ጽሑፍ መጨረሻውን ያልነገርናችሁ። እኛ ግን በዚያ ሌሊት ስልኩን ስናነሳ ልንጠይቀው የሚገባንን ጥያቄ በጀመዓው ቢሮ ግድግዳ ላይ ጽፈን ለጥፈናል፦ «ትኩሳት አላት?» የተረኛ ስልክ የሚይዝ ሁሉ መጀመሪያ ያንን ይጠይቅ።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።