ስለ ዜማ ደራሲዎችና ስለ ዜማ ምንጭ

ዜማ የሚደርስ ሰው ካደገበት አገር ይቀዳል እንጂ ከባዶ አያመጣም። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉትን ዜማዎች ከሦስት አዕዋፍ እንደ ተማረ ይተረካል። ከዘፈን ቅኝቶችም ባቲና አምባሰል የተጠሩት ከሸዋ ሮቢት በስተ ሰሜን ባሉት በወሎ አገሮች ስም ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ (1916–2015 ዓ.ም.) የቤተ ክርስቲያንን ዜማና የአገርን ቅኝት በፒያኖ አሰሙ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር አሸናፊ ከበደም (1930–1990 ዓ.ም.) «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለውን ድርሰት ለኦርኬስትራ ጻፉ፤ የእረኛ ሸምበቆ ለታላቅ ጉባኤ በቃ ማለት ነው።

ስለዚህ የይፋት ቆላ መምህራን ሆይ፥ ዋሽንት የሚነፋውን ልጅ አትናቁ። የአገሩን ዜማ የሚያውቁትንም ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ለልጆች አስተምሩ፤ ምንጩ ከደረቀ ወንዝ የለምና።