ውሻ ያለበት አራስ ቤት

ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1991 ፒት ቡልን ጨምሮ አራት የውሻ ዓይነቶችን በሕግ አግዳለች። ሆኖም በ2022 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የታተመ፣ ከ18,000 በላይ ውሾችን ያካተተ ጥናት እንዳመለከተው፣ በውሾች ጠባይ ላይ ከሚታየው ልዩነት በዝርያ የሚገለጸው 9 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስለሆነም ወላጆች «ዝርያው የዋህ ነው» ቢሉም፣ ጨቅላ ሕፃን ከማንኛውም ውሻ ጋር ለአፍታም ቢሆን ብቻውን እንዳይተው መምከር ይገባል። በሕፃናት ላይ ንክሻው በአብዛኛው ራስን፣ ፊትንና አንገትን ይጎዳል። እንደ አገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት ስፍራ ደግሞ ውሻው መከተቡ ይረጋገጥ። ሕፃኑ ከተነከሰ ቁስሉ ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ክትባትና እንደ ቁስሉ ደረጃ ኢሚዩኖግሎቡሊን እንዲያገኝም ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።