የኩላሊት ጠጠር ሕክምና በምን ይወሰናል?

የኩላሊት ጠጠር በሽንት ውስጥ የሚገኙ እንደ ካልሲየም፣ ኦክሳሌትና ዩሪክ አሲድ ያሉ ንጥረ ነገሮች ሽንቱ ሊያሟሟቸው ከሚችለው በላይ ሲበዙ እየረጉና እየተጣበቁ የሚፈጥሩት ጠጣር አካል ነው። በመራዊ ዙሪያ በቆጋ መስኖ እርሻ ላይ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ የሚሠራ ገበሬ በላብ ያጣውን ውኃ ጠጥቶ ካልተካ ሽንቱ ስለሚወፍር ለዚህ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል።

ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርደው ብርቱ ሕመም የሚመጣው ጠጠሩ ከኩላሊት ወደ ፊኛ በሚወስደው ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተሰንቅሮ ሽንቱን ወደ ኋላ ሲያግድ ነው። ስለዚህ ትንሽ ጠጠር ሰውን ሲያንፈራግጥ፣ ትልቁ ግን በኩላሊት ውስጥ ለዓመታት ያለ ስሜት ሊቀመጥ ይችላል፤ ሕክምናውም በሕመሙ ብርታት ብቻ ሳይሆን በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን በሚታወቀው የጠጠሩ መጠንና ቦታ፣ እንዲሁም በዓይነቱ ይወሰናል።

ከ5 ሚሊ ሜትር የሚያንሰው ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ከሽንት ጋር ስለሚወጣ፣ ሐኪሙ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ይከታተላል፤ ከዚያ ከፍ ያለና በቱቦው ታችኛ ክፍል ያለ ከሆነ የቱቦውን ጡንቻ የሚያላላውን ታምሱሎሲን ሊጨምር ይችላል። የዩሪክ አሲድ ጠጠር የሽንትን አሲድነት በሚቀንሰው ፖታሲየም ሲትሬት ሊሟሟ ሲችል፣ የካልሲየም ጠጠር ግን በመድኃኒት አይሟሟም።

በራሱ የማይወጣው ጠጠር በሦስት ዋና መንገዶች ይወገዳል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1980 በጀርመን ሙኒክ በሰው ላይ የተጀመረው፣ ከሰውነት ውጭ በሚላክ ብርቱ የግፊት ሞገድ ጠጠሩን የመሰባበር ዘዴ ሲሆን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሁለተኛው ቀጭን መመልከቻ መሣሪያ በሽንት መውጫ አስገብቶ ጠጠሩን በሌዘር ማድቀቅ ነው። ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ለሆነ የኩላሊት ጠጠር የሚመረጠው ሦስተኛው ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የስዊድን ሐኪሞች ያስተዋወቁት፣ በጀርባ በኩል በሚከፈት ትንሽ ቀዳዳ የማውጣት ሕክምና ነው። እነዚህ መሣሪያዎች በሌሉበት ሰውነትን ከፍቶ ማውጣት ዛሬም ያገለግላል።

ከሕመሙ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ወይም ሽንት ከቆመ ጉዳዩ ድንገተኛ ነው፤ የታገደው ሽንት ከተመረዘ ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሊገባ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሽንቱ በቱቦ እንዲፈስ ይደረጋል፣ ጠጠሩ ግን በኋላ ይወጣል። እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ከመራዊ ሆስፒታል ሳይዘገይ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሊላክ ይገባል።

ጠጠር ተመልሶ የሚመጣ ሕመም በመሆኑ፣ በቀን ቢያንስ 2 ሊትር ሽንት እስኪወጣ ውኃ መጠጣትና ጨው መቀነስ ያስፈልጋል፤ በምግብ ውስጥ ያለው ካልሲየም ኦክሳሌትን በአንጀት ይዞ ስለሚያስቀረው ወተት መተው አይገባም። ሕመሙ ስለቆመ ብቻ ጠጠሩ ወጥቷል ማለት ስላልሆነና የታገደ ኩላሊት ያለ ድምፅ ሊጎዳ ስለሚችል፣ የታመመ ሁሉ መዳኑን በምርመራ ያረጋግጥ።